የሞተር ኩሽኔታ መበላቱን ለማወቅ የትኛው ምርመራ ይቅደም?

የሞተር ኩሽኔታ ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ በዘይት ላይ እንዲዞር አቅፎ የሚይዝ ስስ ማዕድን ነው፤ ሲበላ ክፍተቱ ስለሚሰፋ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ከሥር የሚያንኳኳ ድምፅ የሰማ ባለመኪና ብዙውን ጊዜ ወይ ዘይት የሚያወፍር ማሟያ ይገዛል፣ ወይ በጆሮው የሚለይ መካኒክ ይፈልጋል፣ አለዚያም ሞተሩን ያስፈታል። እኔ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የምጠቁመው የዘይት ግፊትን በመለኪያ ማስለካት ነው። የዳሽቦርዱ መብራት የሚበራው ግፊቱ እጅግ ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ አለመብራቱ ለኩሽኔታው ዋስትና አይሆንም። የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ተፈትቶ መለኪያው በቦታው ይታሰርና ሞተሩ በሚገባ ሲሞቅ ይነበባል። ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚለው የመካኒኮች ስሌት ለመነሻ ይበቃል፤ ዳኛው ግን የአምራቹ መመሪያ ነው። የደከመ የዘይት ፓምፕም ግፊት ስለሚያወርድ፣ በዚህ ብቻ ሞተር አይፈታም።

ቀጥሎ የምመርጠው የዘይት ፊልትሮውን መቅደድ ነው፤ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወረቀቱ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ዘይቱ ተጨምቆ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጋ፣ ብርማ ቅርፊቶች ከታዩ ማግኔት ይጠጋባቸዋል። ማግኔቱ የሚስበው ብረት ነው፤ የኩሽኔታው ለስላሳ ማዕድን ግን አይሳብም። የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ ከታየ፣ ባለሦስት ንብርብሩ ኩሽኔታ የላይኛው ስስ ሽፋኑ አልቆ መካከለኛው ንብርብር እየተበላ መሆኑን ያመለክታል። በአሉሚኒየም የተሠሩት ኩሽኔታዎች ይህን የመዳብ ምልክት ስለማያሳዩ፣ የመኪናው የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በጆሮ መለየት ዋጋ የለውም አልልም። የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ኩሽኔታ ድምፅ ነዳጅ ተሰጥቶ ሲለቀቅ ይጎላል፣ የዚያ ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ሲነቀል ደግሞ ይቀንሳል፤ ክራንክሻፍቱን ከሞተሩ አካል ጋር የሚይዘው የዋናው ኩሽኔታ ድምፅ ወፍራም ሆኖ ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ይሰማል። ሲቀዘቅዝ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የፒስተን ነው። ሆኖም እኔ ራሴ በአንድ ጋራዥ «ኩሽኔታው አልቋል» ከተባልኩ በኋላ፣ የላላ የፍላይዊል (በክራንክሻፍቱ ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ብሎን ሆኖ ተገኝቷል።

ማወፈሪያውን አልመክርም፤ ድምፁን ለጊዜው ያፍናል እንጂ የተበላውን አይመልስም። መፈታቱ የግድ ከሆነ ግን የኩሽኔታውን ክፍተት በፕላስቲጌጅ (ተጨፍልቆ በስፋቱ ክፍተቱን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) የሚለካ፣ ክራንክሻፍቱንም በማይክሮሜትር የሚፈትሽ ባለሙያ ይመረጥ። ክራንክሻፍቱ ተሞርዶ 0.25 ሚሊሜትር ከቀጠነ፣ ለዚያው ልክ የተሠራ ወፈር ያለ ኩሽኔታ መገዛት አለበት፤ መደበኛው ቢገጠምበት ዘይቱ በሰፋው ክፍተት ስለሚያመልጥ ግፊቱ እንደወረደ ይቀራል።