የአመጋገብ መታወክ ክፍል ለጀማሪ ረዳት ነርስ፦ ሚዛን ላይ፣ ማዕድ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

አዲሷ ረዳት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሰኞ ጀምሮ አኖሬክሲያ (ውፍረትን ፈርቶ ራስን ማስራብ) እና ቡሊሚያ (ከመጠን በላይ በልቶ በማስመለስ ወይም በመሰል መንገድ ማስወጣት) ያለባቸው ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል በረዳት ነርስነት ተመድቤአለሁ። ግፊት መለካትና ሰው ማጠብ አይቸግረኝም። እዚህ ግን ሚዛኑም ማዕዱም የራሱ ሥርዓት አለው ይባላል። ጠዋት ስመዝን ምን ላድርግ? ምግብ ላይ አብሬ ስቀመጥ ምን ልበል፣ ምንስ ልተው? ለነርሷ ሳልውል ሳላድር መንገር ያለብኝስ ምንድን ነው?

የጠዋት ፈረቃ፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከሚዛኑ ልጀምር። ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ሽንቷን ከሸናች በኋላ፣ የሆስፒታሉን ጋውን ብቻ ለብሳ፣ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ሚዛን። ታካሚዋ (ወንዶችም አሉ፤ ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው) ጀርባዋን ለቁጥሩ ሰጥታ ትቆማለች። ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አታንብቢ፣ ቻርቱንም ጋሪው ላይ ገልጠሽ አትሂጂ። ፊትሽም ይነበባል፤ ቅንድብ ማንሳት ብቻ ለቀኑ ሙሉ ይበቃል።

ክብደቱ በአንድ ሌሊት ከዘለለ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ውሃ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ሽንት ስፔሲፊክ ግራቪቲ (ሽንቱ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ ቁጥር) ይለካል፤ 1.005 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ለነርሷ ንገሪ። ይህን እንደ ሌብነት አትዪው። ብዙ ውሃ የደምን ሶዲየም ያወርዳል፤ ያ ደግሞ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል።

ግፊት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ነው፦ ለቀጭን ክንድ የአዋቂው ጨርቅ ሲሰፋ ግፊቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። አነስተኛውን ወይም የልጆቹን ተጠቀሚ፤ የትኛውን እንደተጠቀምሽም ጻፊ፣ ያለዚያ የማታው ተረኛ በሌላ ለክቶ ታካሚዋ የተለወጠች ይመስለዋል። ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። 5 ደቂቃ ተኝታ ትቆይ፣ ግፊትና ምት ለኪ፣ ከዚያ ቆማ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሚ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ይነገራል። ካዞራት ግን አስቀምጫት፤ ቁጥር ለመሙላት ብለሽ አታቁሚያት።

የልብ ምትን በጣትሽ 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ዘገምተኛ ወይም የሚዘል ምት ላይ ያሳስታል። ቀን ነቅታ ሳለች ከ50 በታች፣ ሌሊት ከ45 በታች፣ ሙቀት ከ35.6 በታች፦ እነዚህ ለወጣት ታካሚዎች በሰፊው የሚሠራባቸው ገደቦች ናቸው። ያንቺ ክፍል የራሱ ሰንጠረዥ ካለው እሱን ያዢ።

ባለ ሰዓቱ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ግን ምት ላይ ዝቅታውን ብቻ መፍራት አይበቃም። የተራበ ልብ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ትናንት ተኝታ 44 የነበረች ታካሚ ዛሬ ተኝታ 90 ብትሆን ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ይመስላል፤ ለሷ ግን ማንቂያ ደወል ነው። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ሪፊዲንግ ሲንድረምም ሊሆን ይችላል።

ሪፊዲንግ ማለት ይህ ነው፦ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ፎስፌት የሚባለውን ማዕድን ክምችቱን ጨርሷል። ምግብ ሲጀመር ኢንሱሊን ይወጣና የቀረውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከደም ወደ ሴል ያስገባዋል። ደም ውስጥ ያለው ሲያሽቆለቁል ልብም መተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል። አደጋው በብዛት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ እስከ ሁለት ሳምንት ግን ዓይን አይነሳም። የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ግራ መጋባት፣ አዲስ ድካም ካየሽ ርክክብ አትጠብቂ። ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ከምግቡ በፊት ከታዘዘ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ ክኒኑ ካልመጣ ትሪውን ይዘሽ ከመግባትሽ በፊት ነርሷን ጠይቂ።

ማዕድ ጠባቂ፦
ማዕድ ላይ፦ ቁጭ በዪ። ቆሞ የሚያይ ሰው ዘበኛ ነው የሚመስለው። ብዙ ክፍሎች ለዋና ምግብ 30 ደቂቃ፣ ለመክሰስ 15 ደቂቃ ይሰጣሉ፤ ሰዓቱን መጀመሪያ ተናገሪ፣ አጋማሽ ላይ አንዴ አስታውሺ። ወሬው ስለ ምግብ፣ ስለ ካሎሪ፣ ስለ ሰውነት ቅርጽ አይሁን፤ ያንቺም ጾም ይሁን ዳይት እዚያ አይነሳ። «ዛሬ አምሮብሻል» ደግ ቃል ይመስላል፤ ለታካሚዋ ግን «ወፍረሻል» ሆኖ ነው የሚደርሳት።

ስትቆም ወይም ምግቡን ስትፈረፍር አጭር በዪ፦ «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚቀጥለውን ጉርሻ እንሞክር።» ክርክር ውስጥ አትግቢ። «ግማሹን ብቻ ልተው» ብላ ስትደራደርሽ መልሱ የዕቅዱ እንጂ ያንቺ አይደለም፤ አንቺ ዛሬ ካለፍሻት ነገ የምትገባው ባልደረባሽ ክፉ ትባላለች። መሐረቡ፣ እጅጌው፣ ከትሪው ሥር ያለው ሁሉ ትሪው ሳይነሳ ይታይ። ስትጽፊ «ጥሩ በላች» ምንም አይናገርም። «ከቀረበው ሦስት አራተኛ፣ ወተቱ ሙሉ፣ 30 ደቂቃ ፈጀ» ብለሽ ጻፊ።

አዲሷ ረዳት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከምግብ በኋላ «ሽንቴ መጣ» ብላ ብታለቅስስ?

ማዕድ ጠባቂ፦
መፍትሔው ከምግቡ በፊት ነው፦ ከመቀመጧ በፊት ሽንት ቤት እንድትሄድ ሁልጊዜ ጠይቂያት። ከዋና ምግብ በኋላ ክትትሉ በአብዛኛው 1 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ካርታ፣ ሹራብ፣ ሥዕል፣ ማንኛውም እጅ የሚይዝ ነገር ይረዳል። ግድ ከሆነባት አትከልክያት፤ ነርሷን አሳውቀሽ አብረሽ ሂጂ። በሩ ገርበብ ይላል፣ እየተነጋገራችሁ ትቆያላችሁ፣ ውሃው ሳይለቀቅ ታያለሽ። ይህን ሁሉ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ በሩ ላይ ሲደረስ የሚነገር ሕግ ውርደት ይሆናል። ካስመለሰች አትቆጪ፤ ሰዓቱንና ግምቱን ጻፊ፣ ደም ካለበት ነርሷን ወዲያው ጥሪ። ፖታሲየም በማስመለስ ይወርዳልና ልብ ምት መዝለሉን ያን ዕለት ደጋግመሽ ቁጠሪ።

የጠዋት ፈረቃ፦
ሻወርም ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ውሃው በጣም አይሙቅ፣ ወንበር ይግባ። ግፊቷ ዝቅ ያለ ሰው ሙቅ ውሃ ሥር ቆሞ ይወድቃል።