«ቶዶስ» ሲባል ሴቶችም አሉበት? በስፓኒሽ አጻጻፍ ላይ የተነሳ ክርክር

መነሻ፦ በስፓኒሽ ብዙ ሴቶች መሃል አንድ ወንድ ካለ ሁሉም በወንድ ጾታ «ቶዶስ» (ሁሉም) ይባላሉ፤ የሴቷ ቅርጽ «ቶዳስ» ነው። ይህን የማይቀበሉ ሰዎች ሲጽፉ «ቶዶስ ኢ ቶዳስ» ብለው ሁለቱንም ይጠራሉ፤ ሌሎች በ«ኦ» ቦታ ኤክስ ወይም የኢሜይሏን ምልክት ያስገባሉ፤ ጾታ እንዳይለይ በ«ኤ» «ቶዴስ» የሚሉም አሉ። አርጀንቲና በ2024 እ.ኤ.አ. ይህን አጻጻፍ ከመንግሥት ሰነዶች አግዳለች። ልክ ናት?

የሰዋስው መምህር፦ ልክ ናት። የስፔን ቋንቋ አካዳሚ ስለ ስፔን ሕገ መንግሥት አጻጻፍ ተጠይቆ፣ በ2020 የወንድ ጾታው ሴቶችንም እንደሚያካትት አስረድቷል። የቦነስ አይረስ ከተማም በ2022 ከትምህርት ቤት ያገደችው የልጆቹ የንባብ ችሎታ ስላሳሰባት ነው።

ተርጓሚዋ፦ መምህር፣ በሰዋስው አልከራከርዎትም። ግን የሥራ ማስታወቂያ በወንድ ጾታ «ኢንሄኒዬሮስ (መሐንዲሶች) እንፈልጋለን» ሲል አንዲት መሐንዲስ «እኔንም ይሆን?» ማለቷ አይቀርም። በአማርኛ «እናንተ» እና «እነሱ» ጾታ ስለማይለዩ ነው ነገሩ ቀላል የሚመስለን። ኤክሱን ግን እኔም አልወደውም፤ በአፍ አይነበብም፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌርም እዚያ ላይ ይደነቃቀፋል። እኔ «ሎስ አሉምኖስ» (ተማሪዎቹ፣ በወንድ ጾታ) በማለት ፈንታ «ኤል አሉምናዶ» እላለሁ፤ ተማሪውን በጅምላ የሚጠራ የቆየ ቃል ነው።

የሰዋስው መምህር፦ እሱም እኮ የወንድ ጾታ ነው!

ተርጓሚዋ፦ ነው፤ ግን የሚጠራው ቡድኑን ነው፣ ወንዶቹን አይደለም።

የሕግ ተማሪ፦ «ወንድም ሴትም አይደለንም» የሚሉትን ሁለታችሁም ረሳችኋቸው። «ቶዴስ» በአፍም ይነበባል። አካዳሚው በ2020 በ«እሱ» እና በ«እሷ» ፈንታ የሚባለውን «ኤዬ» የሚል ተውላጠ ስም በድረ ገጹ የቃላት መከታተያ ላይ አውጥቶ በቀናት ውስጥ አነሳው፤ ማብራሪያ እንኳ ለሚፈልግ አንባቢ ምን ይጎዳ ነበር?

የሰዋስው መምህር፦ ቋንቋ በጥቂት ሰው ፍላጎት አይለወጥም። ሕዝቡ ከተቀበለው አካዳሚውም ይመዘግበዋል።

የሕግ ተማሪ፦ እሺ፣ ታዲያ ሕዝቡ እንዲመርጥ ይተውለት! «ፕሬሲዴንታ» (ፕሬዚዳንት፣ በሴት ጾታ) ከ1803 ጀምሮ የአካዳሚው መዝገበ ቃላት ውስጥ እያለ፣ የቀድሞዋ የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ክሪስቲና ፈርናንዴስ በዚያ ጥሩኝ ስትል ስንቱ ተቃወማት። የ2024ቱ እገዳ ደግሞ ኤክስና «ኤ» ላይ አላቆመም፤ «አላስፈላጊ» የተባለ የሴት ጾታ መጨመርንም ይከለክላል። አስፈላጊ መሆኑን የሚወስነው ማነው?

ተርጓሚዋ፦ እዚህ ላይ ከተማሪው ጋር ነኝ። ኤክሱን ባልጽፈውም፣ «ቶዶስ ኢ ቶዳስ» ብሎ የጻፈን ሠራተኛ አለቃው በመመሪያ እንዲያርመው አልፈልግም። መምህር፣ እርስዎስ ይህንንም ይደግፋሉ?

የሰዋስው መምህር፦ «ቶዶስ ኢ ቶዳስ»ን አልከለክልም፣ ንግግር ሲከፈት ያምራል። ኤክሱን ግን ከልጆች መማሪያ መጽሐፍ አስወጣለሁ።