ኮራላይንን ከ9 ዓመት ልጅ ጋር ለማየት፦ የቱ ያስፈራል? በእጅ መሠራቱስ በምን ይታወቃል?

የማታ ወፍ፦
ሰላም ለቤቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የሄንሪ ሴሊክን ኮራላይን፣ አሻንጉሊቶችን ትንሽ በትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት የተሠራውን ፊልም፣ ለ9 ዓመት ልጅ ማሳየት ይከብድ ይሆን? ደግሞ «ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው» ይባላል፤ ሲያዩት ግን የኮምፒውተር ሥራ ይመስላል። ምኑን ልብ ብሎ ማየት ነው?

ሸማኔው፦
ኮምፒውተር የሚያስመስለው የዋናዋ ልጅ፣ የኮራላይን ፊት ነው። ፊቷ ከግንባርና ከአፍ በኩል ለየብቻ ይነቀላል። ክፍሎቹ በ3ዲ ፕሪንተር ወጥተው በእጅ ተቀብተዋል፤ ስሜቷ በተለወጠ ቁጥር ይቀያየራሉ። ሁለቱ የሚገጥሙበትን መስመር በኮምፒውተር አጠፉት፤ የእጅ ሥራው የተደበቀውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ፊቷን ተዉትና ሹራቧን ተመልከቱ፤ ፀጉር በሚያካክል መርፌ በእጅ የተሠራ ነው። ዛፉ ላይ ያለው አበባስ? ሮዝ የተቀባ ፈንዲሻ! ቡና ላይ የሚቀርበው፣ ያው ፈንዲሻ።

ሰምና ወርቅ፦
እኔ ቤቱን እላለሁ። የእውነተኛው ቤት ክፍሎች ጥልቀት እንዳይኖራቸው ጠፍጠፍ ተደርገው፣ ወለላቸውም ዘመም ብሎ ነው የተሠሩት። የሌላዋ እናት (ከትንሿ በር ወዲያ ያለችው፣ ዓይኗ የልብስ ቁልፍ የሆነው የእናቷ አምሳያ) ቤት ያው ቤት ሆኖ ወደ ውስጥ ይርቃል። ኩሽናውን ከኩሽናው ጋር አስተያዩት፤ ቀለሙ ብቻ አይደለም የተለወጠው፣ ከትንሿ በር ወዲያ ዓይን መሄጃ ያገኛል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የበሩ ቁልፍ እጀታ የልብስ ቁልፍ ቅርጽ አለው። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ነው፤ በእኛ ግን በሩንም የሚከፍተው፣ ዓይን ላይ የሚሰፋውም ቁልፍ ነው።

የቤት ሲኒማ፦
ስለ ፍርሃቱ፦ ደም የለበትም፤ የሚያስጨንቀው መርፌው ነው። ገና ሲጀምር የመርፌ ጣቶች አሻንጉሊት ይተረትራሉ። በኋላ የልብስ ቁልፍ፣ ክርና መርፌ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። የሌላኛው ዋይቢ (ከበሩ ወዲያ ያለው የጎረቤቱ ልጅ አምሳያ) አፍ ፈገግ እንዲል ተሰፍቷል። ከሁሉ የሚብሰው ሌላዋ እናት እስከ ሦስት ቆጥራ የምትረዝምበት ነው። የጎረቤቶቿ፣ የሁለቱ አሮጊት ተዋናዮች ቲያትር ላይ ደግሞ እርቃን ለመሆን የቀረበ ትርኢት አለ፤ አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም።
ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ወላጆቿ ሲመለሱ አለቀ ብላችሁ አታጥፉ፤ የሌላዋ እናት የተቆረጠ እጅ ገና ይመጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ያላየ ልጅ፣ እጁን አልጋው ሥር ሲፈልግ ያድራል።

የማታ ወፍ፦
እናመሰግናለን። ልጁ «አሻንጉሊቶቹ እንዴት ነው የሚንቀሳቀሱት?» ቢልስ?

ሸማኔው፦
በስልክ አሳዩት። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ነው፤ ለቤት 12 ይበቃል፣ ለ5 ሰከንድ 60 ፎቶ ማለት ነው። ስልኩን በፕላስተር ከመጽሐፍ ክምር ጋር እሰሩት፤ መጋረጃ ዝጉና በአምፖል ብቻ ሥሩ፤ ፀሐይ ከተንቀሳቀሰች ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ስክሪኑን ተጭናችሁ ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉ። አሻንጉሊቱ እጁን ሲያነሳ መነሻውና መድረሻው ላይ በትንሽ በትንሹ፣ መሐሉ ላይ ሰፋ እያደረጋችሁ ውሰዱት። እኩል እኩል ከሄደ ሮቦት ነው የሚመስለው። እግሩን በማስቲካ መለጠፍ እንዳይረሳ፤ 40ኛው ፎቶ ላይ ከወደቀ የነበረበት ቦታ አይገኝም።