የተነከሰችውን ጥጃ ምን ላድርጋት?

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኛል። የምንኖረው ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ውሻ አብዶ ታናሽ ወንድሜንና ጥጃችንን ነከሰ። የወንድሜን ቁስል ወዲያው 15 ደቂቃ በሳሙና አጠብነው፤ ክትባትም ጀምሯል።

ግራ የገባኝ ጥጃዋ ናት። አባዬ «ሳትታመም ትታረድ» ይላል። እኔ ምራቋን እየፈራሁ ለብቻዋ አስሬያታለሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ መስክ ወጥቷል አሉኝ። ስንት ጊዜ ልጠብቃት? ሥጋዋስ ይበላል?

ሌላው፣ ውሾቻችን ከብት ተከትለው ዌብ ሸለቆ ይወጣሉ። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ስንቱን ቀበሮ ፈጀው! ጎረቤቶቼ ግን «የተከተበ ውሻ ይሰንፋል፣ ጅብ አያባርርም» ብለው እምቢ አሉ። እንዴት ላሳምናቸው?