ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ መንገድ 8 ጥማድ እርሻና ሜዳ «ይሸጣል» ተባልኩ፤ ወረቀቱ ያስኬዳል?

የሐርቡ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ 8 ጥማድ የእርሻ መሬትና አጠገቡ ያለ የሣር ሜዳ ደላላ አምጥቶልኛል። ውሉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሦስት ምስክር ፈርሞበታል፣ የቀበሌ ማኅተም አርፎበታል። ሻጩ የይዞታ ደብተሩንም አብሬ አስረክባለሁ ይላል። እርሻውን ጤፍና ማሽላ ልዘራበት፣ ሜዳውን ለ10 የሚደልቡ ወይፈኖች ላውለው ነው ሐሳቤ። ሜዳው በዓይን ሲታይ 4 ጥማድ ቢሆን ነው። ወረቀቱ ያስኬዳል? መሬቱን ስረግጠው ምን ልመልከት? ሜዳውስ 10 ከብት ይችላል? የምታውቁ ንገሩኝ።

መዝገብ ቤት፦

ወንድሜ፣ ገንዘብ ካልሰጠህ እጅህን ሰብስብ። የገጠር መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ብሎ ዘግቶታል። ነገሩ እንዲያውም ከዚያ የቆየ ነው፤ የገጠር መሬት ሽያጭ የቀረው በየካቲት 1967ቱ አዋጅ ነው። የቀበሌ ማኅተም ይህን አይለውጠውም፤ ምስክሩ ሦስት ቢሆን ሠላሳ ያው ነው። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ወይም ራሱ ሻጩ ፍርድ ቤት ቢሄድ ውሉ ፈራሽ ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 መሠረትም ሁለታችሁ ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ፦ እሱ መሬቱን፣ አንተ ብርህን። ዛሬ የከፈልከው ብር ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለስልህ ስንት ወይፈን እንደሚገዛ አንተው አስላው።

ደላሎቹ ይህን ስለሚያውቁ ስሙን ይቀይሩታል። አንዱ «ስጦታ» ይለዋል፣ አንዱ «ወለድ አግድ» ብሎ ብድር አስመስሎ ይጽፈዋል፣ ሌላው «የዕድሜ ልክ ኮንትራት» ይላል። ዳኛ የሚያየው በስጦታው ጀርባ ብር ተከፍሏል ወይ የሚለውን ነው። ደብተሩን መያዝህም አይጠቅምህም፤ መብቱ ያለው በወረዳው መዝገብ ላይ ስሙ በሰፈረው ሰው እጅ ነው። ባለይዞታው ጠፋብኝ ብሎ ቢያመለክት ምትክ ያወጣል።

በሕግ ልትይዘው የምትችለው ኪራይ ነው። በክልላችን በአማራ የሚሠራበት አዋጅ 252/2009 ሲሆን ከላይ ደግሞ የፌዴራሉ 1324/2016 አለ። አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫውን ጠይቅ፤ የማሳው መለያ ቁጥር፣ ስፋቱ፣ አዋሳኞቹና ካርታው ያለበትን ማለቴ ነው። ቁጥሩን ይዘህ ቃሉ ወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂድና መዝገቡ ላይ የማን ስም እንዳለ፣ ቀድሞ የተመዘገበ ኪራይ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም የብድር ዋስትና እንዳለበት አጣራ። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ብቻ ካለው ካርታ የለውም፤ ስፋቱም በግምት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ላይ አትዋዋል።

ቀጥሎ ፊርማ። ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ የባል ብቻውን ፊርማ በዚህ ዓይነት ውል ላይ ትልቁ የክርክር ምንጭ ነው። ባለይዞታው ሞቶ ወራሾች ከሆኑ የወራሽነት ማስረጃ፣ ከመካከላቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ካለ የሞግዚት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሰውየው ያለውን ሁሉ ሊያከራይህ ከሆነም ቢሮው ይጠይቅሃል፤ ኪራይ ባለይዞታውን የሚያፈናቅል መሆን የለበትም።

ውሉ ላይ የማሳው ቁጥር፣ ጊዜው ከየትኛው ምርት ጀምሮ በየትኛው እንደሚያልቅ፣ ክፍያው በየዓመቱ ነው ወይስ በአንዴ፣ የመሬት መጠቀሚያውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ገለባውና አገዳው የማን እንደሆነ፣ እርከኑን ማን እንደሚጠግን ይጻፍ። ለገለባው አንድ መስመር አትንፈገው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሰው የሚጣላው በእሱ ነው። ክፍያው በባንክ ይሁን። ከዚያ ወረዳው ላይ አስመዝግብ፤ ያልተመዘገበ ውል ይዞ የመጣ ሰው ቀድሞ ያስመዘገበ ሌላ ተከራይ ከመጣበት መቆሚያ የለውም። አንድ አንድ ቅጂ ለሁለታችሁ፣ አንድ ለቀበሌ፣ አንድ ለወረዳ።

ስለ ሜዳው አንድ ጥርጣሬ አለኝ። በአንድ ሰው ስም ደብተር ላይ 4 ጥማድ ሜዳ መኖሩ ብርቅ ነው። የወል ግጦሽ እንዳይሆን አጣራ። የወል ከሆነ ግለሰብ ሊሸጠው ቀርቶ ሊያከራየው አይችልም፤ አጥር ስታቆም መላው ጎጥ ይመጣብሃል።

ዋልካ አራሽ፦

ሕጉን መዝገብ ቤት ጨርሶታል፤ እኔ አፈሩን ልናገር።

ልኬቱን በስልክ ጂፒኤስ ብቻ አትመን። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፣ 50 በ50 ሜትር በለው። ስልኩ በየጎኑ 4 ሜትር ቢስት 54 በ54 ይሆንና ከ2500 ካሬ ሜትር ወደ 2916 ይወጣል፤ ለሌለ መሬት ወደ 17 በመቶ ኪራይ ከፈልክ ማለት ነው። 50 ሜትር ሜትሮ ያዝ፣ አዋሳኞቹን በአራቱም በኩል ጥራና ድንበሩን እነሱ እያሳዩህ ለካ። አዋሳኝ አልመጣም ካለ እዚያ ነገር አለ።

መሬቱን በጥር አትየው። በጥር ሁሉም መሬት ደህና ይመስላል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጠግቦ ሳለ ሂድ። የቦርከና ወንዝ ዳር ሜዳማው ክፍል ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው፤ ውኃ ያቁራል። ከዝናብ በኋላ በማግስቱ ውኃው ከቦዩ ካልወረደ ለማሽላ አይሆንህም፤ ጤፍ ይታገሠዋል፣ ሽምብራ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍርና ተመልከት። 25 ሳንቲ ሜትር ግድም ላይ ድንጋይ ወይም ነጭ ጠንካራ ንጣፍ ካገኘህ የማሽላው ሥር እዚያ ይቆማል፤ ዝናቡ ነሐሴ መጨረሻ ከወጣ ደግሞ (ቃሉ ቆላው ላይ አዘውትሮ ይወጣል) ምርቱ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል።

አረም ሁለት ናቸው የሚያስፈሩኝ። አንዱ አቀንጭራ። መስከረም ላይ የማሽላውን ሥር ተመልከት፤ ሐምራዊ ወይም ሮዝ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ካየህ ኪራዩን ዝቅ አድርግ ወይም ተወው። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ ማሽላን በማሽላ ላይ የሚዘራ ማሳ ደግሞ በየዓመቱ ያበዛዋል። ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ጥራጥሬ ማፈራረቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ቅንጨ፣ ፓርቲኒየም የሚሉት። ኮምቦልቻ ዙሪያ መንገድ ዳርና ሜዳ ላይ ሞልቷል። ከማበቡ በፊት ካልተነቀለ አንዱ ተክል ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል። በባዶ እጅ አትንቀለው፣ ቆዳ ያሳክካል። ላም ከበላችው ወተቱ ይመርራል፤ ሜዳው ላይ ሣር የሚመስለው አረንጓዴ ግማሹ ቅንጨ እንዳይሆን ዝቅ ብለህ ተመልከት።

ከኮምቦልቻ በታች ቦርከናን ለመስኖ አስበህ ከሆነም የደሴና የኮምቦልቻ ፍሳሽ በዚያ እንደሚወርድ አትርሳ። ለቅጠላ ቅጠል አልመክርህም።

በመጨረሻ ለመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ከመክፈል የእኩል ብትገባ ይሻልሃል። መሬቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ምርቱን ስለሚካፈል አይዋሽህም።

የመኖ ነገር፦

በእኩሉ አልስማማም፣ ጋሼ ዋልካ። የእኩል የሚያዋጣው በሬና ጉልበት ላለው ነው። ይህ ወንድማችን በሬ የለውም፣ ማሳው ላይ አያድርም። ዘርና ማዳበሪያ ማን ያወጣል፣ ዘሩ ከክፍፍሉ በፊት ይነሣል ወይስ አይነሣም፣ አውድማው ላይ ማን ይቆማል የሚለው ካልተጻፈ እኩሉ ሲሶ ይሆናል።

ወደ ሜዳው ልምጣ። ሒሳቡ አይገጥምም። አንድ 300 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን በቀን ከክብደቱ 2.5 እስከ 3 በመቶ ደረቅ መኖ ይበላል፤ 8 ኪሎ በለው። 10 ወይፈን በ100 ቀን 8000 ኪሎ ነው። ደህና የተጠበቀ የተፈጥሮ ሜዳ በሄክታር 3000 ኪሎ ግድም ድርቆሽ ቢሰጥ፣ የአንተ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሆነ የ37 ቀን ቀለብ ብቻ ነው። ያውም ሣር ብቻውን አያደልብም።

ስለዚህ ሣሩን ግዛ፣ ሜዳውን ተወው። ከግጦሽ የተከለሉ የወል ቦታዎች ሣር በየዓመቱ በማኅበሩ ወይም በቀበሌው በኩል ቆሞ ሳለ ይሸጣል፤ ይህ ሕጋዊ ነው። ስትገዛ በዓይን አትገምት። 1 ሜትር በ1 ሜትር የእንጨት አራት ማዕዘን ሥራ፣ አምስት ቦታ ጣለው፣ ውስጡን እጨድ፣ አድርቅና መዝን። አማካዩ 300 ግራም ከሆነ በሄክታር 3000 ኪሎ ነው፤ 150 ግራም ከሆነ ዋጋውንም ግማሽ አድርገው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ይታጨድ። ብዙው ሰው ዝናብ ያበላሽብኛል ብሎ ኅዳርን ይጠብቃል፤ ያኔ ሣሩ ፍሬውን አራግፎ ገለባ ሆኗል። እርጥብ ሳለ ከተከመረ ደግሞ ይሻግታል፤ የጠቆረውን ለከብት አትስጥ።

የራስህን መኖ ከፈለግህ ከተከራየኸው እርሻ አንድ ጥማዱን የዝሆን ሣር አድርገው። በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ከሆነ ለአንድ ጥማድ 5000 ቁርጥ ይበቃሃል። ቁርጡ ሦስት አንጓ ይኑረው፤ ሁለቱ አፈር ውስጥ ገብተው አንዱ ውጭ ይቅር፣ ዘንበል አድርገህ ትከል። ዝናብ ሲገባ ትከለው፤ ከሦስት እስከ አራት ወር የመጀመሪያውን ታጭዳለህ። ኮምቦልቻና ሐርቡ ይስማማዋል። ደሴ ዙሪያ ቦሩ ሜዳ ላይ ግን ውርጭ ይመታዋል፤ እዚያ የደሾ ሣር ወይም አጃ ከቬች (የመኖ ጥራጥሬ) ጋር ነው የሚያዋጣው።

የጤፉንና የማሽላውን ገለባ በዩሪያ አክመው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ይበጠበጥና እየረጨህ፣ እየረገጥህ ጉድጓድ ውስጥ ትከምራለህ፤ በላስቲክ አየር እንዳይገባው አፍነህ 21 ቀን ትተወዋለህ። ስታወጣው ሽታው እስኪለቅ ድረስ አናፍሰው፤ ለጥጃ አይሰጥም። ዩሪያ በጥብጦ ውኃውን ለከብት ማጠጣት መግደል ነው። በዚያ ላይ ፉርሽካና ፋጉሎ ስትጨምር ይደልባል። ፉርሽካው ኮምቦልቻ ውስጥ አለ፤ መኪና ኪራይ የሚበላህ ድርቆሹ ነው።

ረግረግ አጠገብ ውኃ የሚጠጡ ከሆነ የጉበት ትል መድኃኒት ዝናቡ ካለቀ በኋላ አስወጋ ወይም አስጠጣ። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ሳይከተቡ አዲስ ከብት ከነባሩ ጋር አትቀላቅል፤ ክትባቱንም ከማደለቡ በፊት ጨርስ።

የሐርቡ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጀዛኩሙላህ። ደላላው ስለ ደብተሩ ስጠይቀው ድምፁ ተቀየረ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከተማው ወደዚያ እየሰፋ ነው ይባላል፤ ተከራይቼ ሳለ መሬቱ ቢወሰድ ምን አገኛለሁ? ሌላው፣ ጨፋ በኩል ርካሽ ሜዳ አለ የሚል ሰው አለ።

መዝገብ ቤት፦

በአዋጅ 1161/2011 የመሬቱ መፈናቀያ ካሣ የሚሄደው ለባለይዞታው ነው፤ ተከራይ በመሬቱ ላይ መብት የለውም። አንተ የምትጠይቀው በማሳው ላይ ያለውን ሰብልህንና በራስህ ወጪ የሠራኸውን ነው። ስለዚህ የጉድጓዱን፣ የአጥሩን፣ የቋሚ ተክሉን ወጪ ደረሰኝ ይዘህ ውሉ ላይ አባሪ አድርግ፤ አስቀድመህ የከፈልከው ኪራይ ቀሪ ዓመታት እንደሚመለስልህም አጻፍ። ከመዋዋልህ በፊት ደግሞ የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ጋ ሄደህ ማሳው በከተማው ፕላን ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠይቅ። ገብቶ ከሆነ ከሁለት ዓመት በላይ አትዋዋል።

ዋልካ አራሽ፦

ጨፋን ተወው። በበጋ ከአፋርም ከሌላም በኩል መንጋ የሚወርድበት የቆየ የግጦሽ ቦታ ነው፤ በሌላ ዞን ነው ያለው፣ የእርሻ ማሳ ሆኖ በአንድ ሰው ስም ካልተመዘገበ በቀር የሚያከራይህ ሰው የለም። ጥር ላይ መንጋው ሲደርስ ድርቆሽህ ሜዳው ላይ ከቆየ ይበላል፤ ማንንም አትከስም። የገዛኸውን ሣር እስከ ኅዳር አጋማሽ አጭደህ፣ አስረህ፣ መጋዘን አስገባ።