«ነፍስ ያወቀ» ሲባል ማን ማንን ዐወቀ?

የደብረ ብርሃኑ ጠያቂ፦ አንድ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ስለ ራስን ማወቅና ስለ አእምሮ ያጠኑትን ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለ ተቸግሬአለሁ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የገዛ አእምሮውን ነው ሲል፣ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል በ1949 ደግሞ ሰው የራሱንም ሐሳብ የሚያውቀው በመሠረቱ የሌላውን በሚያውቅበት መንገድ፣ ይኸውም ንግግርንና አድራጎትን በማስተዋል ነው ብሎ ተከራክሯል። «ራሱን ያውቃል» ብዬ ብጽፍ ልኩን ያውቃል ይመስላል፤ «ራሱን አያውቅም» ብልም ታሞ የወደቀ ሰው ይሆንብኛል። «ነፍስ ማወቅ» ብዬ ብጠራው ያስኬዳል?

የመንዙ፦ አያስኬድም። እኛ ዘንድ ነፍስ ዐወቀ የሚባለው በግ ይዞ ለመውጣት የሚታመን፣ ክፉና ደጉን የለየ ልጅ ነው እንጂ ስለ ውስጡ የሚመራመር አይደለም። ይልቅስ «በአፉ ይክዳል እንጂ ልቡ ያውቀዋል» እንላለን፤ ዴካርት ይህን ቢሰማ ደስ ባለው ነበር። ኅሊናም ከማሕሌት ጋር አንድ ዘር ይመስለኛል፤ ሰው በውስጡ የሚያዜመው ማለት ነው።

የአንኮበሩ መሪጌታ፦ ወንድሜ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንዲህ አይልም። ማሕሌት በሐመሩ ሐ፣ ዘመረ ከሚለው ከ«ሐለየ» ነው፤ ኅሊና በብዙኃኑ ኀ፣ ዐሰበ ከሚለው ከ«ኀለየ» ነው። ለጠያቂው የሚበጀው አእምሮ ነው፤ «አእመረ» ዐወቀ ነውና አእምሮ በግእዝ ማወቅ ማለት እንጂ በራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ራይልም የተቃወመው አእምሮን በአካል ውስጥ እንዳደረ መንፈስ መቁጠርን ነው።

የመንዙ፦ መሪጌታ፣ ኀውን ለእርስዎ ትቼ አእምሮን ልያዝ። በአማርኛ «አእምሮው ተነካ» እንላለን፤ ማወቅ ብቻ ከሆነ ምኑ ይነካል?

መሪጌታ፦ ክብርም ይነካል፤ የት ተቀምጦ ነው?

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሚጠይቀው ሰው መቆጣቱን የሚያውቀው ቁጣው ስለተሰማው ነው ወይስ እንደ ማንኛውም ተመልካች የገዛ ድምፁ ከፍ ማለቱን ሰምቶ ነው የሚለውን ነውና፣ ለዚህ ዐይነቱ ማወቅ አሁንም ስም አላገኘሁም።

የመንዙ፦ «መቆጣቱ ይታወቀዋል» ቢሉትስ?

መሪጌታ፦ በ«ይታወቀዋል» ውስጥ ባለቤቱ መቆጣቱ ነው፤ ዐዋቂው ግን ተሳቢ ሆኖ ገብቷል። መጀመሪያ እሱን እንፍታ።