ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ልንዛወር ነው፤ የልጆቹን ትምህርት ቤት በምን እንምረጥ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም ሳይጠባ ጠቅልለን አዳማ እንገባለን። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትንሹ ኬጂ ጨርሶ አንደኛ ክፍል የሚገባ፣ መካከለኛዋ ወደ 5ኛ፣ ትልቋ ወደ 8ኛ ያለፈች። ሁሉም እዚህ በግል ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ አፋን ኦሮሞ አይችሉም። ቤት ገና አልተከራየንም። መቅደም ያለበት ቤቱ ነው ትምህርት ቤቱ? ከዚህስ ምን ምን ወረቀት ይዘን እንውጣ? ሰው ሁሉ «እገሌ ትምህርት ቤት ጎበዝ ነው» ይለኛል፤ ጎበዝነቱ በምን እንደሚለካ የሚነግረኝ ግን አጣሁ።

የጠመኔ አቧራ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ። ምርጫውን የምትወስንላችሁ ትልቋ ልጅ ናት፤ ከእሷ ጀምሩ። የትምህርት ቤት ስምም ክፍያም ከዚያ በኋላ ይታያል።

ምክንያቱ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ኦሮሚያ ውስጥ ደግሞ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተምረው እንግሊዝኛው የሚመጣው 9ኛ ላይ ነው። አዳማ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ስለሆነች ከአፋን ኦሮሞው ሌላ በአማርኛ የሚማሩ ክፍሎችም አሉ። ስለዚህ ልጅቷ አማርኛ አፍ መፍቻዋ ቢሆንም፣ አምና «ሴል»፣ «ኢለመንት»፣ «ኮምፓውንድ» ብላ የተማረችውን ዘንድሮ «ህዋስ»፣ «ንጥረ ነገር»፣ «ውህድ» ብላ ልታገኘው ትችላለች፤ ያውም ሚኒስትሪ (የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና) በምትፈተንበት ዓመት። ሐሳቡን እያወቀች በጥያቄው አነጋገር የምትስት ልጅ ትሆናለች።

ምክትል ርዕሰ መምህሩን (መዝጋቢዋን አይደለም) ሦስት ነገር ጠይቁ። 8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ በምን ቋንቋ ነው የሚሰጠው? የክልሉን ፈተና ተማሪዎቻችሁ በምን ቋንቋ ይፈተናሉ? አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ ትምህርት ተምሮ የማያውቅ ተዛዋሪ 8ኛ ላይ ሲገባ ምን ይደረጋል? የአንደኛውና የሁለተኛው መልስ ከተለያየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ አጋዥ መጽሐፍ ያስተምርና ፈተናው በሌላ ቋንቋ ይመጣል፤ ልዩነቱ የሚሞላው ግንቦት ላይ በጥድፊያ ነው። የሦስተኛውን መልስ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ብቻ አትቀበሉ፤ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያጽናላችሁ።

የ5ኛዋ ጉዳይ ቀለል ይላል። አፋን ኦሮሞን ለመያዝ ገና ጊዜ አላት፤ ከቁቤው (አፋን ኦሮሞ ከሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ግን ዛሬውኑ ጀምሩላት። እንግሊዝኛ ማንበብ የለመደ ልጅ ፊደሉን ስለሚያውቀው አነበብኩ ብሎ ይሳሳታል። «ሲ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፣ «ኤክስ» «ጥ» ናት፣ «ኪው» «ቅ» ናት። አናባቢ ሲደገም ድምፁ ይረዝማል፣ ተነባቢ ሲደገም ይጠብቃል። ይህን በሁለት ሳምንት የጨረሰ ልጅ መስከረም ላይ ቢያንስ ከሰሌዳ መገልበጥና ሲነበብለት እየሰማ መጻፍ አያቅተውም።

ለትንሹ ዕድሜውን አስሉ። በአሁኑ ሥርዓት ቅድመ መደበኛ ሁለት ዓመት ነው፣ አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ይገባል። በሦስት ዓመቱ ኬጂ ገብቶ በስድስት የጨረሰ ልጅ «ዕድሜው አልሞላም» ሊባል ስለሚችል፣ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት የልደት ካርዱን አሳይታችሁ ቁርጡን እወቁ።

ሬከርድ ክፍል፦
ስለ ወረቀቱ እኔ ልጨምር። መሸኛ፣ እስካሁን የተማሩባቸው ክፍሎች የውጤት ካርድ (ዋናው)፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የወላጅ መታወቂያ። ለትንሹ የክትባት ካርድ፣ ለትልቋ ደግሞ የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት የግድ ይዛችሁ ኑ።

ሰው የሚመላለሰው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ መሸኛው ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ብቻ አርፎ ሲመጣ። ከክልል ወደ ክልል ስለሆነ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጫም ይኑርበት፤ ሳይኖረው የመጣ ለአንዲት ማኅተም እንደገና አዲስ አበባ ይመለሳል። ሁለተኛ ስም። በልደት ካርዱ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ በውጤት ካርዱ «ሀይለማሪያም» ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ከጎደለ፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲደርስ ይነሳል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም ፊደል በፊደል አስተያዩ። ማስተካከያው ከሚለቁት ትምህርት ቤት ቢወጣ ቀላል ነው፤ ከሄዱ በኋላ ግን መዝገቡ የሚገኘው እዚያው ነው።

የግል ትምህርት ቤቱ ያልተከፈለ ወር ካለ መሸኛ አይሰጥም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፈራሚው እረፍት ይወጣል። ስለዚህ በሐምሌ ጨርሱት።

ቀይ እስክሪብቶ፦
«ጎበዝ» የሚባለውን መለኪያ ለጠየቅሽው። መጀመሪያ የኢንስፔክሽን ደረጃውን ጠይቂ። ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ፤ ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ይይዛል። ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 ጀምሮ ደረጃ 3፣ ከ90 በላይ ደረጃ 4 ነው። ደረጃውን ያሟላ የሚባለው ከ3 ጀምሮ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሰምተሽ አትሂጂ፣ የስንት ዓ.ም. እንደሆነና የሂደቱ ነጥብ ለብቻው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ግብዓት ሕንፃና ቤተ መጻሕፍት ነው፣ በገንዘብ ይመጣል፤ ሂደት ግን መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ነው።

በር ላይ የተሰቀለውን «100 በመቶ አሳልፈናል» ባነር ተይው። የምትጠይቂው «ስንት አስፈተናችሁ? ያኔ የተፈተኑት ልጆች 7ኛ ሳሉ ስንት ነበሩ?» ነው። 7ኛ ላይ 60 ኖሮ 8ኛ ላይ 41 ከተፈተነ ደካማው አስቀድሞ ተሸኝቷል ማለት ነው። ማለፍ ብቻውን ብዙ እንዳይደለም የ2014ቱ 12ኛ ክፍል ፈተና አሳይቷል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እነዚያ ልጆች ሁሉ 8ኛን ያለፉ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ደብተር። ክረምት ስለሆነ ክፍል ገብተሽ ማየት አትችይም፤ ስለዚህ የሰፈሩን ልጅ ያምና የሒሳብ ደብተሩን ለምነሽ ከኋላ ጀምረሽ ግለጪ። የመጨረሻው የመምህር ምልክት በየትኛው ወር ነው? ግንቦት ላይ ካለ ጥሩ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ከቆመ አስቢበት። ገጹ ከሰሌዳ የተገለበጠ ማስታወሻ ነው ወይስ ልጁ ራሱ የሠራው? የተሳሳተው ላይ ኤክስ ብቻ ነው ወይስ ልጁ ደግሞ ሠርቶት በድጋሚ ታርሟል? ትክክል ያልሆነ መልስ ላይ ራይት ካየሽ መምህሩ እያነበበ አይደለም። አንድ ደብተር ስለ ልጁ ይናገር ይሆናል፤ ከአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ካየሽ ግን ስለ መምህሩ ነው።

የመንግሥት ከሆነ ስለ ፈረቃ ጠይቂ፣ ልጆቹ በተለያየ ፈረቃ ከወደቁ የቤታችሁ ሰዓት ይበጠበጣል። በአንድ ክፍል የተፈቀደው እስከ 50 ልጅ ነው፣ 9ኛና ከዚያ በላይ 40። ከ65 በላይ ከሆነ መምህሩ ቢፈልግም ደብተር ማረም አይችልም። የግል ከሆነ ደግሞ ወርሃዊውን ብቻ አትስሚ፤ በ10 ወር አባዢው፣ ምዝገባ፣ አጋዥ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርምና ሰርቪስ ደምሪበት። ርካሽ የተባለው ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ያካክሳል።

ገንደ ሀራ፦
ቤት ወይስ ትምህርት ቤት ላልሽው፣ እህቴ፣ ትምህርት ቤቱን መርጠሽ ቤቱን በእግር በሚደረስበት ተከራዪ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና የሚያልፍበትን አስፋልት የማያቋርጥ መንገድ ፈልጊ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አንዳንዱን ሰፈር ስለሚቆርጠው፣ መንገዱን ዝናብ ባባራ በማግስቱ ሄደሽ እዪው፤ ደለል የተከመረበት ቦይ ካለ መስከረም መጀመሪያም ያስቸግራል።

በባጃጅ ኮንትራት የምታመላልሱ ከሆነ ስንት ልጅ እንደሚጭን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከኋላ ሦስት ሰው ነው ልኩ፤ ስድስት ሰባት የሚያጭቅ አለ። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁ ሰልፍ ላይ ይውላል፣ ልጅ በር ላይ ይቀራል፤ ተተኪ ያለውን ያዙ።

አዲስ ገቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መሸኛው ላይ የክፍለ ከተማ ማኅተም እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረኝም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ትልቋን 8ኛን እዚሁ አዲስ አበባ አክስቷ ጋር ብታጠናቅቅ ይሻላል የሚሉኝ አሉ።

የጠመኔ አቧራ፦
አክስቷ ደብተሯን የሚያይላት ሰው ከሆኑ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። የ8ኛውን ውጤት ይዛ ብትመጣ 9ኛ በሁለቱም ዘንድ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቋንቋው ችግር ይወገዳል። ልጅቷን መለየት ካልፈለጋችሁ ደግሞ መስከረም ላይ አብራችሁ አስገቧት እንጂ መንፈቀ ዓመቱን ጠብቃችሁ አታዛውሯት፤ የየትምህርት ቤቱ የምዕራፍ አካሄድ ስለሚለያይ የካቲት ላይ የገባች ልጅ አንዱን ምዕራፍ ሁለቴ ስትማር ሌላውን ትዘለዋለች፤ ፈተናው ግን ሁሉንም ይጠይቃል።

ጥርስ ሐኪሟ፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ ትምህርት ቤቱ የሚጠጣው የከተማ ቧንቧ ነው የጉድጓድ? ስምጥ ሸለቆው ላይ ፍሎራይድ የበዛበት የከርሰ ምድር ውኃ አለ፤ እዚሁ አዳማ አጠገብ ወንጂ ላይ በፍሎራይድ የተጎዳው ሰው ታሪክ የታወቀ ነው። ቋሚ ጥርስ የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ገደማ ስለሆነ ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስ ላይ የሚወጣው ቡናማ ምልክት የሚያሰጋው ትንሹን ልጅ ነው። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም የፍሎራይዱ መጠን ከፍ ይላል። የጉድጓድ ከሆነ ከቤት በኮዳ ይያዝ።